ባንኩ ሲሳሳት ብሩ ይመለሳል፤ ገበሬው ሲታለል «አባቴ፣ ለምን ሰጡ?»

ይህ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ደባርቅ ገበያ ላይ በማንኛውም ቀን ሊሆን የሚችል፣ ዳባትም አዲ አርቃይም ያለ ሰው ሲሰማው «ይኸማ የእነ እንትና ነው» የሚለው ነው።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሊማሊሞ በታች ካለ ቀበሌ ሌሊት ተነስተው ሦስት በግ እየነዱ ገበያ ወጡ። በጎቹ ተሸጡ። ገዢው ጥሬ ብር አልያዘም፤ «አባ፣ በስልክዎ ላስገባልዎ» አላቸው። ገባ። የልጅ ልጃቸው መልእክቱን አነበበላቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ስልኩ ጠራ። ደዋዩ ትሁት ነው፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ያውቃል። «አባባ፣ ከባንኩ ነው የምንደውለው። መረጃዎ ስላልታደሰ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው። አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልን፤ ከዚያ ሚስጥር ቁጥርዎን ያረጋግጡልን» አላቸው። ልጁ አነበበ፤ እርሳቸውም ተናገሩ። የሦስት በግ ዋጋ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ሄደ።

በማግስቱ ቁልቁለቱን የወረዱበትን እግር መልሰው ሽቅብ ደባርቅ ወጡ። ተሰለፉ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ አዝናለች። ግን ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፦ «አባቴ፣ ሚስጥር ቁጥርዎን ለምን ሰጡ?»

ጥያቄ ይመስላል፤ ፍርድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ «ለፖሊስ ያመልክቱ»፣ «ደብዳቤ ያምጡ»፣ «ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚያየው»፣ የዚያ ፍርድ ማስፈጸሚያ ነው። ሽማግሌው ተሰርቀው የመጡ መስሏቸው ነበር፤ ጥፋተኛ ሆነው ተመለሱ።

ይህ ጽሑፍ የሚለው አንድ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሒሳብ የተሰረቀ ገንዘብ የማይመለሰው መመለስ ስለማይቻል አይደለም። ኪሳራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ስለተወሰነ፣ የተወሰነውም በደካማው ላይ ስለሆነ ነው።

▪️ መመለስ ይቻላል፤ አይተነዋል

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተናጋ። ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ማደሪያ በሌሊት ተዳረሰ፤ ተማሪው ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ ራሱ በኋላ እንደገለጸው በዚያች ሌሊት 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች ተካሂደዋል፤ ያላግባብ የወጣው ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ችግሩ ከራሱ ሲስተም ጋር የተያያዘ እንደሆነም ባንኩ ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ መግለጫ ሰጡ። ገንዘቡን በፈቃዱ የመለሰ በወንጀል እንደማይጠየቅ ተነገረ። ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው ማስታወቂያ አወጡ። አንመልስም ያሉት ከ500 በላይ ሰዎች ስማቸው ይፋ ወጣ፤ ፎቷቸው በቅርንጫፍ በር ላይ ተለጠፈ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከገንዘቡ ሦስት አራተኛ በላዩ ተመለሰ።

ባንኩ ገንዘቡን ማስመለሱ ትክክል ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ነውና ማንም ሊቃወመው አይገባም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሀብት የበለጸገ ሰው እንዲክስ ያዛል። ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት የታለ? ገንዘቡ ከየትኛው ሒሳብ ወደየትኛው ሒሳብ እንደሄደ በሰዓታት ውስጥ የለየ ዓይን፣ የባለሒሳቡን ስምና ፎቶ ያወጣ መዝገብ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የደወለ ስልክ፣ የሽማግሌው የሦስት በግ ዋጋ ሲጠፋ የት ሄደ?

የሽማግሌውም ገንዘብ ወደ ሰማይ አልበረረም። ወደ አንድ ሒሳብ ገብቷል። ያ ሒሳብ ባለቤት አለው፤ ስም አለው፤ ስልክ ቁጥር አለው፤ ሒሳቡ ሲከፈት የተነሳ ፎቶ አለው። ዛሬማ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ደንበኞቻቸውን ከፋይዳ መታወቂያ ጋር እንዲያስተሳስሩ ካዘዘ በኋላ፣ «ማን እንደሆነ አናውቅም» የሚባል ባለሒሳብ ሊኖር አይገባም። ሌባው በሰው ስም የተከፈተ ሒሳብ ተጠቅሞ ከሆነም፣ ያንን ሒሳብ የከፈተው ባንክ መልስ አለበት።

ባንኩ ሲሳሳት ተመላሽ አድራጊው ደንበኛው ነው። ደንበኛው ሲሳሳት ግን ተመላሽ አድራጊ የለም። በሁለቱም ጊዜ የሚከፍለው ያው አንድ ሰው ነው።

▪️ አስገድደህ ካስገባህ፣ ጠብቀህ አስገባ

«ታዲያ ማን አስገደዳቸው? ብራቸውን በመቀነታቸው አስረው ይመለሱ ነበር» የሚል አለ። ይህን የሚል ሰው አገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አላየም።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው። ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት ሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ፣ ቀጥሎም በመላው አገሪቱ፣ ነዳጅ በጥሬ ብር መሸጥ ተከልክሎ በስልክ ክፍያ ብቻ ሆነ። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር ቢወድም ባይወድም በስልኩ ካልከፈለ መኪናው አይንቀሳቀስም። የመብራት ክፍያውም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የመንግሥት አገልግሎቱም በዚያው መንገድ እየሄደ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ አስጎብኚው፣ ባለበቅሎው፣ ምግብ አብሳዩ የጉዞ ሒሳቡን የሚቀበለው በሒሳብ ቁጥሩ ነው።

ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም። በመንገድ ላይ ዘራፊ በሚፈራበት ዘመን፣ ጥሬ ብር ይዞ ከዳባት ጎንደር ከመሄድ በስልክ ማስተላለፍ ይሻላል። ለዚህም ነው ሰው በፍጥነት የተቀበለው። ነገር ግን መንግሥትና ባንክ ተባብረው ሕዝቡን ከጥሬ ብር ወደ ስልክ ሲያሻግሩት አንድ ነገር አብረው ተሸክመዋል። መቀነት ውስጥ ያለን ብር የሚጠብቀው ባለቤቱ ነው፤ ሲስተም ውስጥ ያለን ብር ግን የሚጠብቀው ሲስተሙን የሠራው ነው። ገንዘቡን ከእጅህ ወስዶ «እኔ ጋ ይቀመጥ» ያለህ ሰው፣ ሲጠፋ «አንተው ነህ ጥፋተኛ» ሊልህ አይችልም።

በአማራ ክልል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ኢንተርኔት ሲዘጋ የሒሳብ መግለጫህን በመተግበሪያ ማየት አትችልም፤ የባንኩን ማስጠንቀቂያ በማኅበራዊ ሚዲያ ማንበብ አትችልም። የድምፅ ጥሪ በሚሠራበት ቦታ ግን አጭበርባሪው መደወል ይችላል። እርሱ ከጥሪ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። መከላከያው ተዘግቶ የማጥቂያው በር ክፍት ነበር ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ለተታለለ ሰው «ማስጠንቀቂያ ለጥፈን ነበር» ማለት በምን ሕሊና ነው?

▪️ «ሚስጥር ቁጥሩን ራሱ ሰጠ»

የባንኮች ትልቁ ክርክር ይህ ነው፤ በቀላሉም አይታለፍም። ትክክለኛው ስልክ፣ ትክክለኛው ሚስጥር ቁጥር፣ ትክክለኛው ማረጋገጫ ገብቷል፤ ሲስተሙ የታዘዘውን አደረገ፤ ታዲያ ባንኩ ምን አጠፋ?

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ አዲስ ይሁን እንጂ ለዓለም አርጅቷል። የኤቲኤም ካርድ በተስፋፋበት ዘመን አሜሪካና እንግሊዝ በዚሁ ጥያቄ ላይ ሁለት መንገድ ያዙ።

አሜሪካ ውስጥ ማስረዳት ያለበት ባንኩ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒውዮርክ ላይ አንዲት ሴት «ይህን 800 ዶላር እኔ አላወጣሁም» ብላ ባንኳን ከሰሰች። ባንኩ የኮምፒውተር ወረቀት አቀረበ፤ ዳኛው ከማሽኑ ይልቅ የሰዋን ምስክርነት አመነ፤ ባንኩ ከፈለ። በእንግሊዝ ግን ባንኮች «ሲስተማችን አይሳሳትም፤ ካርድህና ቁጥርህ ከገባ አንተ ነህ» እያሉ ደንበኛን ይመልሱ ነበር። ነገሩ እስከ የት እንደደረሰ ለማየት አንድ ጉዳይ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የእንግሊዝ ፖሊስ ከሒሳቡ ያላወጣው ገንዘብ እንደወጣ አመለከተ። ባንኩ ገንዘቡን ሊመልስለት ቀርቶ በማጭበርበር ሙከራ አስከሰሰው። በ1994 ተፈረደበት። በይግባኝ ነጻ የወጣው በ1996 ነው። ፖሊስ እንዲህ ከሆነ፣ ገበሬ እንዴት ይሁን?

የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ደኅንነት ምሁር ሮስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ልዩነት መርምረው ያገኙት ነገር ዛሬ በእያንዳንዱ የባንክ ቦርድ ስብሰባ ላይ ሊነበብ የሚገባው ነው። ኪሳራው በባንኩ ላይ በወደቀበት አገር ባንኩ ሲስተሙን አጠበቀ፤ ኪሳራው በደንበኛው ላይ በወደቀበት አገር ባንኩ ተዝናና፣ ማጭበርበሩም በዛ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌላ ሰው የሚከፍልልህን ኪሳራ ለመቀነስ ገንዘብ አታወጣም።

ደባርቅ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ስልክ ይዞ የማያውቅ አዲስ መሣሪያ በድንገት ሒሳቡን ከፍቶ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠቅላላ ገንዘቡን፣ ከዚያ በፊት ልኮለት ወደማያውቀው ሰው ሲያስተላልፍ ሲስተሙ ለምን ዝም ይላል? አንድ የሱቅ ልጅ እንኳ የማያውቀው ሰው መጥቶ «አባትህ ብሩን ሁሉ ስጠው ብሎኛል» ቢለው፣ «ቆይ ልጠይቅ» ይላል። አዲስ መሣሪያ ሲገባ ትልቅ ዝውውርን ለአንድ ቀን ማዘግየት፣ ባለሒሳቡን መልሶ ደውሎ መጠየቅ፣ ለሽማግሌ ደንበኛ የቀን ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ ከባድ ምሥጢር አይደለም። የማይደረገው ስለማይቻል ሳይሆን ባይደረግ ባንኩ የሚያጣው ስለሌለ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ቀዳዳውን የመድፈን ሥራ ግን የበጉ አይደለም።

▪️ ወንድም በዋሽንግተን፣ አባት በደባርቅ

ልዩነቱን በአንድ ቤተሰብ ማየት ይቻላል። እንበልና የእኚያ ሽማግሌ ልጅ ዋሽንግተን ይኖራል። የክሬዲት ካርዱ ቁጥር ተሰርቆ ሌባ ዕቃ ቢገዛበት፣ የአገሩ ሕግ ኃላፊነቱን ከ50 ዶላር እንዳይበልጥ ገድቦለታል። ብዙዎቹ ባንኮች ያቺንም 50 ዶላር አይጠይቁትም። በባንክ ካርዱ ቢሆንም የካርዱን መጥፋት ወይም መሰረቅ ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካመለከተ ጣሪያው ያው 50 ዶላር ነው። አውሮፓ የምትኖር እህቱ ያልፈቀደችው ክፍያ ከሒሳቧ ከወጣ፣ ባንኳ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ማብቂያ ድረስ መመለስ አለበት። ሚስጥር ቁጥሩ በትክክል መግባቱ ብቻውን እርሷ ለመፍቀዷ በቂ ማስረጃ እንደማይሆንም ሕጉ በግልጽ ጽፎታል።

«እነዚያ ያልፈቀዱት ክፍያ ነው፤ ሽማግሌው ግን ተታልለው ራሳቸው ሰጡ» ለሚል ደግሞ፣ ያቺው ባንኮቿ ግትር የነበሩት እንግሊዝ መልስ አላት። ከጥቅምት 7 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተታልሎ በራሱ እጅ ገንዘብ ያስተላለፈ ሰው እንኳ እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ድረስ ይካሳል፤ በመደበኛው አሠራር በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ። ክፍያውን ገንዘቡ የወጣበት ባንክና ገንዘቡን የተቀበለው የሌባው ባንክ እኩል ይካፈሉታል። ከባድ ቸልተኝነት ያሳየ ደንበኛ ላይካስ ይችላል፤ ያንን የማስረዳቱ ሸክም ግን በባንኩ ላይ ነው። አቅመ ደካማ ደንበኛ ደግሞ በዚያ ሚዛን አይለካም።

እኩል መካፈሉ ላይ ቆም እንበል። የሌባው ባንክ ግማሹን እንዲከፍል ሲገደድ፣ በሰው ስም ሒሳብ ለከፈተ ሁሉ በሩን መዝጋት ይጀምራል። ፖሊስ ሳይላክ፣ ስብሰባ ሳይጠራ፣ የሌባው መቀበያ ቦታ ይጠባል።

«እነርሱ ሀብታም አገር ናቸው» ይባል ይሆናል። ታዲያ ጎረቤት ኬንያስ? ኤም ፔሳን እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረችው ኬንያ ውስጥ በስህተት ገንዘብ የላከ ሰው የግብይት መልእክቱን ወደ 456 ሲያስተላልፍ ገንዘቡን የማስመለስ ሂደት ይጀመራል። ቅርንጫፍ መሄድ፣ መሰለፍ፣ ደብዳቤ ማጻፍ የለም። ሁሉንም ሌባ አይዝም፤ ተቀባዩ ቀድሞ ካወጣው ይዘገያል። ቢያንስ ግን የመጀመሪያዋን ሰዓት ለተጎጂው ሰጥቶታል።

▪️ የመጀመሪያዋ ሰዓት

የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ጊዜ ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ከመጀመሪያው ሒሳብ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይሄድና በወኪል ወይም በኤቲኤም ይወጣል። ሳይወጣ ከታገደ ይመለሳል፤ ከወጣ በኋላ ግን የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል። የፖሊስ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚመጣ ይታወቃል። ወንጀሉ የተፈጸመው ደባርቅ ነው፤ ገንዘቡ የወጣው አዲስ አበባ ነው፤ ሲም ካርዱ የተመዘገበው ሌላ ከተማ ነው። አንዱ ወደ ሌላው ይልካል። የሦስት በግ ዋጋ ለማስመለስ የሁለት በግ ዋጋ ለመኪና ይከፈላል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ይህን ማጭበርበር ወንጀል አድርጎታል፤ የቅጣት ሕግ አልጎደለም። ነገር ግን የሌባው መታሰር ለሽማግሌው በግ አይሆንላቸውም። መቅጣትና መመለስ ሁለት ነገር ናቸው። አገራችን የመጀመሪያውን በወረቀት ይዛ ሁለተኛውን ትታዋለች። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል፤ የሚመሰገን ጅምር ነው። ነገር ግን መመሪያ ጥበቃ የሚሆነው ደባርቅ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «አባቴ፣ ለምን ሰጡ?» በማለት ፈንታ «አባቴ፣ አሁን አግጄዋለሁ፤ በዚህ ቀን ተመልሰው ይምጡ» ማለት ስትችል ነው። ያ ቀን ስንት ነው? የሚታገደውስ በስንት ደቂቃ ነው? በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ የወለድ መጠን ይለጠፋል፤ ይህ ቁጥር የተለጠፈበት ግድግዳ ካለ የሚያሳይ ያሳየን።

▪️ «ሰው ይዋሻል፤ ባንኩ ይከስራል»

አንዱ የቀረው ተቃውሞ ይህ ነው። ካሣ እንዳለ ከታወቀ፣ ለዘመዱ ልኮ «ተሰረቅሁ» የሚል ይመጣል ይላሉ። ይመጣል። መጋቢት 2016ም ያልነበረውን ገንዘብ ኤቲኤም ተሰልፎ ያወጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ሕዝቡ ሁሉ መልአክ ነው የሚል የለም። ግን የመኪና መድን የሚሸጥ ድርጅት ውሸታም ይኖራል ብሎ መድን መሸጥ አያቆምም፤ ይመረምራል። ባንኩ የዝውውሩ መዝገብ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተቀባዩ ማንነት በእጁ ነው። ሽማግሌው ያላቸው አንድ የሚያዝን ፊት ብቻ ነው። መርምር ከተባለ መመርመር የሚችለው የትኛው ነው? ማስረጃ የያዘው ወገን ያስረዳ።

ኪሳራውም ቢሆን አልጠፋም፤ ዛሬም አለ። ልዩነቱ የተሸከመው ማን እንደሆነ ነው። በሚሊዮኖች ደንበኞች ላይ ቢከፋፈል ለአንዱ ሳንቲም የሚሆነው ኪሳራ፣ በአንድ ቤት ላይ ሲወድቅ የዓመት ዘር ነው፤ የልጅ ትምህርት ነው፤ የመድኃኒት ገንዘብ ነው። ገበሬው አንዴ ከተቃጠለ ደግሞ ብሩን ወደ መቀነቱ ይመልሳል፤ ለጎረቤቱም፣ ለሰንበቴው ማኅበርም ይነግራል። ዲጂታል ኢትዮጵያ የሚባለው ዕቅድ ከሊማሊሞ በታች የሚሞተው በኔትወርክ ማጣት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ያልተመለሰ የበግ ዋጋም ይሞታል።

▪️ እንግዲህ የሚጠየቀው

ምክር ለተጎጂው መስጠት ቀላል ነው፤ አስፈላጊም ስለሆነ ይባል። ሚስጥር ቁጥር ለማንም፣ ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን፣ አይነገርም። ከተነገረ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ በዚያች ደቂቃ ይደወላል። ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127 ነው። የግብይት ቁጥሩ ያለበት መልእክት አይጠፋም። ቅርንጫፍ ሲኬድ በቃል ብቻ ተናግሮ መመለስ የለም፤ ማመልከቻው በጽሑፍ ይገባል፣ ቅጂው ላይ ቀንና ማህተም ይመታል። ያ ማህተም ነገ ለፖሊስም፣ ለብሔራዊ ባንክም፣ ለፍርድ ቤትም እግር ነው።

ምክር ግን ፍትሕ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ «ተጠንቀቁ» የተባለ ሕዝብ ለሃያ አንደኛው ዓመት «ተጠንቀቁ» ሲባል፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ከብሔራዊ ባንክ የሚጠበቀው አራት አጭር ነገር ነው።

አንደኛ፣ ደንበኛ «ተሰረቅሁ» ብሎ በደወለ በደቂቃዎች ውስጥ ገንዘቡ የደረሰበት ሒሳብ ሁሉ፣ በሌላ ባንክም ቢሆን፣ ለጊዜው ይታገድ። ዝውውሩ ከባንክ ባንክ በሰከንድ የሚሄድ ከሆነ እገዳውም በሰከንድ መሄድ አለበት።

ሁለተኛ፣ ደንበኛው አልፈቀድኩም ሲል የማስረዳት ሸክም በባንኩ ላይ ይሁን፤ ሚስጥር ቁጥር ገብቷል ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ተታልሎ ለላከ ሰው የገንዘብ ጣሪያና የቀን ገደብ ያለው ካሣ ይደንገግ፤ ላኪውና ተቀባዩ ባንክ ይካፈሉት። ጣሪያው ትንሽ ቢሆን እንኳ የሦስት በግ ዋጋ ይድረስ።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ በአማርኛም በሌሎቹም ቋንቋዎች፣ በትልቅ ፊደል፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍና በእያንዳንዱ ወኪል በር ላይ ይለጠፍ። መጋቢት 2016 የሰው ፎቶ የተለጠፈበት ያ በር፣ የሰውን መብት ለመለጠፍ አይጠብም።

ባንኩ በዚያች ሌሊት ሲስተሙ ስቶበት ገንዘቡ ሲወጣ «ይህ ገንዘብ የእኔ ነው፤ የትም ይሂድ፣ ማንም ጋ ይግባ፣ ይመለስልኝ» አለ። ልክ ነበር። አገር ሙሉ ሰማው፤ ዩኒቨርሲቲው ተባበረው፤ ብሩ ተመለሰ። ከሊማሊሞ ሥር ሽቅብ ወጥተው መስኮቱ ፊት የቆሙት ሽማግሌም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመሩበትም።

ልዩነቱ፣ እርሳቸው ሲሉት የሚሰማ አለመኖሩ ብቻ ነው።